ሐዘንተኛ አንባቢ ደራሲ ፊት ቀርቦ ምን ይፈልጋል?

ሰው ሲሞት ምን መደረግ እንዳለበት የምናውቅ ሕዝብ ነን። ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድሩ ወንበሩን ይደረድራል፣ ጎረቤት ንፍሮውን ይቀቅላል። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ተራ ይያዝለታል፤ አልበላም ቢልም ይጎረሳል። ከዚያ በኋላ ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ይሄዳል። እነዚህን ቀናት የቀመሩት አባቶቻችን ሐዘንን የሚያውቁ ሰዎች እንደነበሩ አልጠራጠርም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ድንኳኑ ተነሥቷል፣ ጥቁር ልብሱ ተቀይሯል፣ ስልኩ መጮኹን ትቷል። በዚህን ጊዜ አንድ ሐዘንተኛ፣ ከሟች ባለቤቱ ጋር ይወደው የነበረ ደራሲ ሥራውን ሊያነብ ነው ሲባል ሰምቶ ከቤቱ ወጥቶ ይሄዳል። ለምን ይሄዳል? እዚያስ ምን ያገኛል? ከደራሲው መጠበቅ የሌለበትስ ምንድን ነው? ጥያቄውን የማነሣው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ባለቤቴን የቀበርኩት በ2014 ዓ.ም. ነው።

ሕጉ ስንት ቀን ይሰጣል?

የተማርኩት ሕግ ነውና ከሕጉ ልጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛው ለሞተበት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የሦስት የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ለሚያገባ ሠራተኛም የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሕግ አውጪው ትዳር ሲጀመርም ሲያበቃም በአንድ ቁና ሰፍሮታል ማለት ነው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በበኩሉ ጋብቻዋ የፈረሰ ሴት 180 ቀን ሳይሞላት ሌላ ጋብቻ እንዳትፈጽም ይከለክላል። የከለከለው ግን ለሐዘኗ ተጨንቆ አይደለም፤ የሚወለደው ልጅ አባት እንዳይምታታ ብሎ ነው። ለዚህም ነው እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ቀኑን መጠበቅ የማያስፈልጋት። ለወንዱማ ጭራሹን የተቆጠረ ቀን የለም።

የሕክምናው ዓለምም የራሱን ቀን ቆጥሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች መዘርዝር፣ የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚያሰናክል ብርቱ ሐዘን ከስድስት ወር አልፎ ሲዘልቅ ሕክምና የሚያስፈልገው ችግር ሆኖ ተመዝግቧል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በዚያው ዓመት ባሻሻለው መመሪያ ደግሞ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 12 ወር ይላል። ይህ ማለት ግን ከዓመት በኋላ የሚያለቅስ ሁሉ ታማሚ ነው ማለት አይደለም። መሥራት፣ መብላት፣ ሰው ማግኘት ያቃተው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ ማለት ነው፤ ይህንንም ያለ ሐፍረት ማድረግ ይገባል።

እዚህ ላይ በየቢሮው የሚደጋገም አንድ አባባል ማረም ያስፈልጋል። «ሐዘን አምስት ደረጃ አለው፤ አንተ ገና ሁለተኛው ላይ ነህ» የሚሉ ወዳጆች አጋጥመውኛል። ደረጃዎቹን ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው መጽሐፍ ስታቀርብ፣ የተነሣችው ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ካደረገችው ቃለ ምልልስ ነበር። በኋላ ነው ለቀሪው ሐዘንተኛ እንደ ደረጃ መውጫ የተሰጠው።

ከዚያ ይልቅ ለእኔ ልክ ሆኖ የታየኝ ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ ሁለት በኔዘርላንድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። እንደ እነሱ አባባል ሐዘንተኛ በሁለት ሥራዎች መካከል ይመላለሳል። አንዱ ያጣውን ሰው ማሰብና ማልቀስ ነው። ሌላው የቀረውን ኑሮ መኖር ነው፤ የቤት ኪራይ መክፈል፣ ልጅ ማስተማር፣ መሳቅ ጭምር። ከአንዱ ብቻ ሙጭጭ ያለ ሰው ይጎዳል። እናቶቻችን ያልተገላበጠ ያራል የሚሉት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ለማልቀሻው ቦታ አለን፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ መቃብሩ፣ ለቅሶ ቤቱ። ለኑሮውም አለን፤ ቢሮው፣ ገበያው። የሚጎድለን ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ማንም ሳያየው የሚገላበጥበት ቦታ ነው። ሠርግ ቤት ሄዶ ማልቀስ ነውር ነው፤ ለቅሶ ቤት ሄዶ መሳቅም እንዲሁ። የሥነ ጽሑፍ አዳራሽ ግን ሁለቱንም ይፈቅዳል። ዓይኑ ዕንባ ያቀረረን ሰው ያዩ ሁሉ «ግጥሙ ነክቶት ነው» ብለው ያልፉታል።

አንባቢ ከመሆናችን በፊት አድማጮች ነበርን

አንዳንዱ ሰው «መጽሐፉን ቤትህ ቁጭ ብለህ ማንበብ እየቻልክ የደራሲውን ድምፅ መስማት ምን ይጨምርልሃል?» ይላል። ይህ ጥያቄ ማንበብን ብቻን ሆኖ በዝምታ የሚፈጸም ሥራ አድርጎ ከማየት የመጣ ነው። በእኛ አገር ንባብ ለረጅም ዘመን የጆሮ ጉዳይ ነበር። ተአምረ ማርያም የሚነበበው ጮክ ተብሎ ነው፤ ገድሉም ድርሳኑም እንዲሁ። ከጦር ሜዳ የመጣ ደብዳቤ ፊደል ለቆጠረ ልጅ ተሰጥቶ ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ይሰማው ነበር።

ዘመናዊው ልቦለድም ወደ ብዙኃኑ የገባው በጆሮ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመድ ያውቃቸው ነበር። እኔም መጽሐፉን ባነበብኩ ቁጥር የምሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ነገሩ የቆየ ነው። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ በክፍያ ሥራዎቹን በአደባባይ አንብቧል። አሜሪካ ድረስ ተሻግሮ አዳራሽ ሞልቷል። የመጨረሻውን ንባቡን ያቀረበው በመጋቢት 1870 ሲሆን በሰኔ ወር አረፈ። ሕዝቡ ተሰልፎ የገባው ታሪኩን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አብዛኛው በቃሉ ያውቀዋል። የሚያውቀውን ነገር ከሌሎች ጋር ሆኖ ለመስማት ነው የሄደው።

አዲስ አበባም የራሷ መድረኮች ነበሯት፣ አሏትም። ሚዩዚክ ሜይዴይ በወመዘክር አዳራሽ ያካሂዳቸው የነበሩት የመጻሕፍት ውይይቶችና በራስ ሆቴል ይቀርብ የነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ ብዙ ሰው ያስታውሳቸዋል። የመጽሐፍ ምረቃውም ብዙ ነው። ምረቃ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የክብር እንግዳው ይናገራል፣ ሐያሲው ይናገራል፣ አሳታሚው ያመሰግናል፣ ከመጽሐፉ ተቀንጭቦ የሚነበበውን ደግሞ ታዋቂ ተዋናይ ያነበዋል። ደራሲው ግን ብዙ ጊዜ አመስግኖ ይወርዳል። ተዋናዩ አሳምሮ ያነባል፤ ቢሆንም የት ላይ መቆም እንዳለበት፣ የትኛው ቃል ደራሲውን እንዳስቸገረው ሊነግረን አይችልም። እሱን የሚነግረን የደራሲው የራሱ ድምፅ ነው፤ ቢንተባተብም።

ደራሲው የማያውቀው ዝምድና

ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ተመልካች ከአቅራቢው ጋር የሚመሠርተውን የአንድ ወገን ዝምድና አጥንተዋል። ተመልካቹ አቅራቢውን እንደ ወዳጅ ያውቀዋል፤ አቅራቢው ተመልካቹን አያውቀውም። አንባቢና ደራሲም እንደዚሁ ናቸው። ደራሲው መኝታ ቤታችን ድረስ ገብቷል፤ ስማችንን ግን አያውቅም።

በባልና ሚስት መካከል ደግሞ ነገሩ ሦስተኛ መልክ ይይዛል። ሁለት ሰዎች አንድ ደራሲ ሲወዱ ደራሲው የቤቱ ሰው ይሆናል። በእኛ ቤት እንደዚያ ነበር። መብራት በፈረቃ በነበረባቸው ጊዜያት ባለቤቴ ሻማውን ወደ ራሷ ታስጠጋና ጮክ ብላ ታነብልኝ ነበር። እኔ አዳምጣለሁ፤ እሷ ታነባለች፣ ታቆማለች፣ ከደራሲው ጋር ትጣላለች። እርሳስ ከጆሮዋ ላይ አይጠፋም። በገጹ ጠርዝ ላይ «ውሸት!» ትላለች፣ «እዚህ ላይ ቸኮልክ» ትላለች። ከገጸ ባሕርያቱ አንዷን ከወደደች ደግሞ የሞቀ ቡና ያለ ይመስል ታቀርባታለች። የቤታችን ቀልዶች ግማሾቹ ከዚያ ደራሲ መጻሕፍት የተወሰዱ ናቸው። ልጆቻችን እንኳ ከየት እንደመጡ ሳያውቁ ይናገሯቸዋል።

ባለቤት ሲሞት የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚናገረው ቋንቋም ተናጋሪ ያጣል። እኔ ቀልዱን ብናገረው የሚመልስልኝ የለም። ሐዘንተኛ አንባቢ ወደ ደራሲው ሲሄድ፣ ሳይገለጽለት የሚፈልገው ይህንን ይመስለኛል፦ የዚያን ቋንቋ ምንጭ። በከተማው ውስጥ ካለው ሕዝብ ሁሉ፣ እሷ የሳቀችባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ከኔ ሌላ በልቡ የያዘ ሰው እሱ ነው።

ሟች፣ እሷ፣ አንቺ

በ2016 ዓ.ም. ደራሲው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ሊያነቡ መሆኑን ሰማሁ። ስማቸውን የማልጠቅሰው የሳቸው ፈቃድ ስለሌለኝ ነው። የባለቤቴን ቅጂ ይዤ ሄድኩ።

ለምን የሷን ቅጂ እንደያዝኩ ለመረዳት ያለፉትን ሁለት ዓመታት ማወቅ ያስፈልጋል። የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው ከፍርድ ቤት እስከ ባንክ፣ ከወረዳ እስከ መሬት ቢሮ ፋይል ይዞ ይዞራል። የሞት የምስክር ወረቀት፣ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የጋራ ንብረት ክፍፍል። በሕጋችን የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለም፤ ከጋራው ንብረት ግማሹን ይወስዳል፤ የሟች ግማሽ በቅድሚያ ለልጆች ይተላለፋል። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የአንዱ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ስለሚገመት፣ በእጄ የያዝኩት መጽሐፍ እንኳ ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የልጆቼ ነበር። በነዚህ ወረቀቶች ሁሉ ላይ ባለቤቴ አንድ ስም ብቻ ነበራት፤ «ሟች»። ሙያው የሚጠይቀው ቃል ነው፣ እኔም ስንት ጊዜ በሌላ ሰው ፋይል ላይ ጽፌዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመጀመሪያው አንቀጹ ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ የመብት ባለቤት ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ለሕጉ የለም።

ወዳጆቼስ? እነሱ «እሷ» ይሏታል፤ «እሷኮ ደግ ነበረች» ይላሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ባለፈ ጊዜ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤቴን «አንቺ» ያላት ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ማታ ማታ ካልሆነ በቀር።

ደራሲው ሃያ ደቂቃ ያህል አነበቡ። ድምፃቸው ከጠበቅኩት ቀጠን ያለ ነው። አንድ ቦታ ላይ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያውም ወደ ቀኝ ዞር አልኩ፣ እሷም ስቃ እንደሆነ ለማየት። የተቀመጠችው ተማሪ የምትመስል ልጅ ነበረች፤ ሳቋን ሳታቆም ፈገግ አለችልኝ። በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም።

ከዚያ የፊርማ ሰልፍ ሆነ። ተራዬ ሲደርስ መጽሐፉን ሰጠኋቸው። ደራሲው መጽሐፉ አሮጌ መሆኑን ሲያዩ ገለጥ ገለጥ አደረጉትና በእርሳስ የተጻፈውን አዩ። መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚቆጡኝ?»

«አይደለም፣ ባለቤቴ ናት።»

«እሷ የለችም?» አሉ ከኋላዬ እየፈለጉ።

«የለችም» አልኩ።

አማርኛ እዚህ ላይ ጨካኝም ደግም ነው። አጠገባችን የሌለችውም፣ ከዓለም የሄደችውም በአንድ ቃል «የለችም» ነው የሚባሉት። ደራሲው የትኛውን እንደሰሙ አላውቅም። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና ወደ ገጹ ተመለሱ። ባሏን ትታ ልትሄድ የተነሣች ሴት ረጅም ንግግር የምታደርግበት ቦታ ነው። ባለቤቴ በጠርዙ ላይ «ይህቺ ሴት እንዲህ ብላ አትናገርም። ዝም ነው የምትለው» ብላለች። ደራሲው ብዕራቸውን አነሡና ከእርሳሱ ጽሑፍ ሥር ሁለት ቃል ጻፉ፤ «ልክ ነሽ።» ፈረሙበት። ከዚያ «ስሟን ይንገሩኝ» ብለው በፊተኛው ገጽ ላይም ለሷ ጻፉላት። ከኋላዬ ሰው ነበርና አመስግኜ ሄድኩ።

ነገሩ በሙሉ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሐዘኔን አላነሣልኝም፤ ማንም አያነሣውም። ግን ለሕጉም ለወዳጅም ያበቃ የመሰለ አንድ ክርክር መልስ አግኝቶ አየሁ። ሚስቴ ከደራሲ ጋር ተከራክራ ረታች። ይህንን ለልጆቼ ስነግራቸው የሆስፒታሉን ወሬ ትተው ስለ እርሳሷ ማውራት ጀመሩ።

ለደራሲውም እናስብለት

ይህን ስል ደራሲ ሁሉ የሐዘን አማካሪ ይሁን ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው ደክሞታል፤ የራሱም ሐዘን ሊኖረው ይችላል። አሜሪካዊቷ ጆን ዲዲዮን ባሏ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2003 በድንገት ከሞተ በኋላ ስለዚያው ዓመት የጻፈችው መጽሐፍ በጥቅምት 2005 ወጣ። አንድያ ልጇ የሞተችው መጽሐፉ ከመውጣቱ ከሳምንታት በፊት በነሐሴ ነበር። ያም ሆኖ መጽሐፉን ይዛ በየከተማው ዞራለች። እያንዳንዱ ሐዘንተኛ የራሱን ታሪክ ሲነግራት ከፊቱ የተቀመጠችው ሴት በዚያን ሰዓት ሁለት ሰው ቀብራ ነበር።

ብሪታኒያዊው ሲ.ኤስ. ሉዊስ ደግሞ ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ከሞተች በኋላ ስለ ሐዘኑ የጻፈውን መጽሐፍ በ1961 ያሳተመው በብዕር ስም ነው። ሐዘኑን ያላወቁ ይመስል ወዳጆቹ ያንኑ መጽሐፍ «ያጽናናህ ይሆናል» ብለው ለራሱ ይሰጡት ነበር ይባላል። ሊጽፈው ፈለገ፤ ጠረጴዛ ይዞ ሊፈርምበት ግን አልፈለገም። ይህም መብቱ ነው።

ስለዚህ ለሐዘንተኛው የምመክረው አጭር ነው። በር አካባቢ ይቀመጡ፤ መውጣት ቢያስፈልግዎ ማንንም ሳያስቸግሩ ይወጣሉ። አዲስ ቅጂ መግዛት መልካም ነው፤ ግን ቤት ያለውን አሮጌውንም ይያዙ። ለደራሲው አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ «ባለቤቴ ይህን መጽሐፍ ይወደው ነበር» ማለት ሙሉ ንግግር ነው። መልስ ካልሰጠ አይቀየሙት፤ ምን እንደሚል ጠፍቶት ይሆናል። ሙሉውን ታሪክ ደግሞ አብሮዎት ለመጣው ሰው፣ ቡና እየጠጡ ይንገሩት።

ለአዘጋጆች ያለኝ ልመናም ከባድ አይደለም። የክብር እንግዳውን ንግግር አሳጥሩና ደራሲው ራሱ ሃያ ደቂቃ ያንብብ። የፊርማውን ጊዜ አትቁረጡት። ለአንዳንዱ ሰው የመጣበት ጉዳይ እሱ ነው።

የሐዘንተኛ ወዳጅ ለሆኑት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እስከ ሰማንያው ድረስ ሳያጓድሉ መጥተዋል፣ እግዜር ይስጥዎ። ከሙት ዓመቱ በኋላ «በረታህ?» ብሎ መደወልም ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን «ቅዳሜ እንትና ሊያነብ ነው፣ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቼ ልውሰድህ» ማለት ነው። ስለ ሟች አያንሡበት፤ ስለ መጽሐፉ ያውሩ። ስለ ሟች እሱ ራሱ ሲፈልግ ያነሣል።